ሱሪው ያልቆሸሸው የቤት መርማሪ

ከእትዬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ቤት ለመግዛት ለምን እንዲህ እንደጓጓን አይገባውም። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እማዬ እትዬ ስለምትላት እኔም እትዬ እላታለሁ። ነቅታ ሳለች ደግ ሴት ናት። እንቅልፍ ሲወስዳት ግን አሮጌ ጄኔሬተር ታስነሳለች። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ ያስላል፣ ቀጥ ይላል፤ እኔ ደግሞ ሞተች ብዬ ብድግ ስል እንደገና ይነሳል። የምተኛው በእሷና በስፌት መኪናው መካከል ነው። ወደ ቀኝ ስዞር ታቅፈኛለች፣ ወደ ግራ ስዞር የመኪናው ፔዳል ጎኔን ይወጋኛል።

ስለዚህ እማዬ «ቤት ልንገዛ ነው» ስትል እኔ የሰማሁት «በር» የሚለውን ብቻ ነው። የራሴ ክፍል፣ የራሴ በር፣ ደስ ሲለኝ ድርግም የማደርገው።

የምንኖረው በሰው አገር ነው። ሱቃችን ከፊት፣ መኝታችን ከኋላ፣ መሃሉ መጋረጃ። እማዬና እትዬ ልብስ ይሰፋሉ፣ ያጠብባሉ፣ ያሳጥራሉ። እኔ ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ተውኩት (እትዬ «ትምህርቱ ነው የተወሽ» ትላለች) እና ባንኮኒው ላይ ቆሜ ደንበኛ አነጋግራለሁ፤ የአገሩን ቋንቋ ከሦስታችን የማቀላጥፈው እኔ ነኝ። ይህን ቋንቋ በጣም ነው የምወደው። አንቱ የሚባል ነገር የለበትም። ሐኪሟም አንቺ ናት፣ ዳኛውም አንተ ነው፤ የፈለጉትን ሰው የፈለጉትን ነገር ቢጠይቁት ማንም አይቆነጥጥም።

በኛ ቋንቋ ግን እቆነጠጣለሁ። ክንዴን ብታዩት ይመሰክራል።

ቤቱን ያገኙልን ጋሼ አውቃለሁ ናቸው። የእማዬ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ማንም ምንም ሲጀምር «አውቃለሁ!» ይላሉ። ዝናብ ሊመጣ ነው ሲባሉ ያውቃሉ። ዝናቡ ሲቀርም ድሮውን ያውቁ ነበር።

እዚህ አገር ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የቤት መርማሪ ይቀጥራል። የቤት ሐኪም በሉት። ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ መሠረቱን ያያል፣ ግድግዳውን ይነካካል፣ ከዚያ ይህ ቤት ጤነኛ ነው ወይም በሽተኛ ነው ብሎ ጽፎ ይሰጣል። የሻጩ ደላላ «መርማሪ አላችሁ ወይስ እኔ ላምጣላችሁ?» ብሎ ጠየቀን።

«አውቃለሁ!» አሉ ጋሼ በኛ ቋንቋ። «ደላላ የሚያመጣው መርማሪ የደላላ ሰው ነው። እኔ የራሳችንን ሰው አመጣለሁ።»

እስከዚህ ድረስ እንኳ እውነታቸውን ነበር።

ያመጡልን ሰውዬ ግርማ ሞገሳቸው ልክ የለውም። ፀጉራቸው ግራጫ፣ ድምፃቸው ከሆድ የሚወጣ፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ሄልሜት፣ እጃቸው ላይ ትንሽዬ መዶሻ። ሱሪያቸው ላይ ካውያ ያወጣው መስመር ሽንኩርት ይቆርጣል። እኛ ልብስ ሰፊዎች ነን፤ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ሱሪውን ነው፤ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ አየነውና በልባችን አጨበጨብን።

ባለ ሄልሜቱ ግድግዳውን ቋ ቋ ያደርጉታል። ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። «እህም» ይላሉ። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። ወደሚቀጥለው ግድግዳ ይሄዳሉ። ቋ ቋ። «እህም።» እትዬ በጆሮዬ «ምን አሉ?» ትለኛለች። «እህም አሉ» እላታለሁ። «ተመስገን» ትላለች።

ከዚያ የኔ ክፍል ደረስን። ከኋላ በኩል ናት፤ መስኮቷ ዛፍ ታሳያለች፣ አንዱን ግድግዳ ደግሞ ይህን የሚያህል ቁም ሣጥን ሸፍኖታል። ደላላው «ቁም ሣጥኑ ስጦታ ነው፣ ካለበት አታንቀሳቅሱት እንጂ» አለ። በሯን ከፈትኳት፣ ዘጋኋት፣ ከፈትኳት፣ ዘጋኋት። እማዬ «በቃሽ» እስክትል። በደስታ ስዘል ከኪሴ የክር ጥቅል ወደቀና መንከባለል ጀመረ። ማንም ሳይነካው ክፍሉን በሙሉ አቋርጦ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባ።

«ውይ! ለምን ብቻውን ሄደ?» አልኩ።

«የወለሉ ልስላሴ ነው» አሉ ባለ ሄልሜቱ። «ጥሩ ወለል እንዲህ ነው።»

እኔም ደስ አለኝ፤ ከኔ ጋር የሚጫወት ክፍል አገኘሁ ብዬ። ግን አፌ ዝም አይል ነገር፣ ባለ ሄልሜቱን፦ «ጋሼ፣ የመርማሪነት ፈቃ...» ቃሉ ግማሽ እንደወጣ የእማዬ ጣቶች ክንዴ ላይ ደረሱ። የእማዬ ቁንጥጫ ጨርቅ ይበሳል።

«አባትሽ የሚሆኑ ሰው!» አለችኝ ውጪ ስንወጣ። «ማስረጃ ያምጡ ይባላሉ እንዴ? ያውም ለኛ ብለው ደክመው የመጡ!»

ይህን የምትለኝ እናቴ ደረሰኙን ቤት ለረሳ ደንበኛ የገዛ ሱሪውን የማትሰጥ ሴት ናት። ለእንግዳ ሰው ሕግ አላት። ለራሷ ሰው ግን ይሉኝታ ይዟት ገደል ትገባለች።

ባለ ሄልሜቱ በመጨረሻ «ቤቱ ጤነኛ ነው» አሉ። ሁላችንም ጉንጫቸውን ሳምናቸው። ውሉን የምንፈርምበት ቀን ተቆረጠ። እኔ ለክፍሌ መጋረጃ መስፋት ጀመርኩ፤ ቢጫ፣ ከታች ዘርፍ ያለው።

የመጋረጃውን ዘርፍ ስሰፋ ነው አንዲት ሴት ወደ ሱቃችን ገብታ ባንኮኒው ላይ ሱሪ የወረወረችው። ሱሪ ብቻ ግን አትበሉት። ጉልበቱ በሁለቱም በኩል ተበጣጥሷል፣ ጭኑ ላይ ጭቃ፣ እግሩ እጥፋት ውስጥ የሸረሪት ድር። ኪሱን ስፈትሽ የደረቀ ጥንዚዛ ወጣ። ጮህኩ።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» አለች እትዬ ከመኪናዋ ቀና ብላ። «በጉልበቷ ነው እንዴ የምትሄደው?»

ተረጎምኩላት፤ «ይቺ ደግሞ» የሚለውን ብቻ ዘለልኩት። ሴትየዋ ሳቀች። «አዎ በያት። የቤት መርማሪ ነኝ። የሥራዬ እኩሌታ ከወለል ሥር ነው።»

መርፌዬ ቢጫው መጋረጃ ላይ ቆመ። ዓይኔ ላይ ያ ሽንኩርት የሚቆርጥ ሱሪ መጣ። ሲገቡም ይቆርጥ ነበር፣ ሲወጡም ይቆርጥ ነበር።

«እ... ሱሪው ሳይቆሽሽ ቤት የሚመረምር ሰው አለ?» አልኳት።

«ሞልቷል። ግን የሚመረምረው ቤቱን አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

«ቀለሙን።»

በአገሩ ቋንቋ ማን ይቆነጥጠኛል! እንደልቤ ጠየቅኳት። ትክክለኛው በምን ይለያል? ሰነፉስ? እሷም አልተቆጣችኝም። የቱ የሙያ ማኅበር እንደመዘገበው ጠይቂው አለችኝ። ተሳስቶ ቢያከስርሽ የሚክስሽ ዋስትና እንዳለው ጠይቂው። የቀጠርሽው አንቺ ሁኚ፣ ሻጩም ደላላውም አይሁኑ። ይህን ዓይነት ቤት ከዚህ በፊት ፈትሾ እንደሆነ ጠይቂው። «ደግሞ ስትጠይቂው ፊቱን እዪው» አለች። «እውነተኛ ከሆነ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። እኔን እስካሁን አልጠየቅሽኝም፣ ለምሳሌ።»

«እሺ፣ አንቺስ?» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

መታወቂያዋን አወጣች። ፎቶዋ፣ ማኅበሯ፣ ሁሉ ነገር። ለእማዬ ሰጠኋትና የተባለውን ሁሉ ነገርኳት። እማዬ መታወቂያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ የተበጣጠሰውን ሱሪ አነሳችና ጉልበቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኚያ ሰውዬ ሲንበረከኩ አይተሻል?»

«መንበርከክ?» አለች እትዬ። «መዶሻቸው ወድቆ ያነሳሁላቸው እኔ ነኝ!»

ከዚያ እማዬ ራሷን ያዘች። «ታዲያ ምን ብዬ ነው ሌላ ሰው የማስገባው? አላመንኩዎትም ልበላቸው? ጋሼንስ ዓይናቸውን እንዴት አያለሁ?»

«እኔ ዘዴ አለኝ» አልኩ። «መጋረጃ ልንለካ ነው እንበል። እሷ ሜትር ትያዝና የመጋረጃ ሠራተኛ ናት እንላለን።»

እማዬ ፊቷ በራ። ለሴትየዋ ስተረጉምላት ግን ራሷን ነቀነቀች። «ተደብቄ አልሠራም። እናትሽ በራሷ አፍ መርማሪዬ ናት ትበል። ካልሆነ ሱሪዬ ሲያልቅ ደውሉልኝ።»

እማዬ ያን ቀን ሙሉ በልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ፊት ተለማመደች። ኮት ያለበሰችውን አሻንጉሊት «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...» ትለዋለች። አሻንጉሊቱ ጭንቅላት እንኳ የለውም፤ ግን አፈረችው። ኮቱን አስተካክላለት ትመለሳለች።

እኔም ብሆን አልተሻልኩም። መርማሪዋ በሽታ ካገኘች የክፍሌ በር ሄደች። ካላገኘች በሬ አለች። ስለዚህ «አምላኬ፣ ይቺ ሴት ጎበዝ ትሁን፣ ግን ዛሬ ብቻ ምንም አይታያት» ብዬ ጸለይኩ። ጸሎቴን ሲሰማ የሳቀ ይመስለኛል።

ቤቱ በር ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ደላላው፣ ጋሼ አውቃለሁ፣ ባለ ሄልሜቱ ከነመዶሻቸው፤ መርማሪዋ ደግሞ እኛ የጠገንነውን ሱሪ ለብሳ፣ ጉልበቱ ላይ እማዬ ወፍራም ሸራ ደርባበት። እማዬ ጀመረች። ጋሼን ደህንነታቸውን ጠየቀች። የልጆቻቸውን ደህንነት ጠየቀች። የባለ ሄልሜቱን ቤተሰብ ጠየቀች። ወደ ጋሼ ተመልሳ ወገባቸውን ጠየቀች። ደላላው ሰዓቱን አየ። ወገባቸው ደህና መሆኑ ሲታወቅ ምንም የሚጠየቅ ነገር አለቀና እማዬ ዓይኗን ጨፍና በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው፦

«ጋሼይቺሴትእኔየቀጠርኳትየቤትመርማሪናት!»

ልክ እንደዚህ፣ ያለ ክፍተት። ከዚያ እንዳትወድቅ እኔን ያዘች።

«አው...» አሉ ጋሼ። አልጨረሱትም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨርሱት ሰማሁ።

ባለ ሄልሜቱ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የታሰረ ገበር እንደተፈታለት ኮት ተለቀቁ። መርማሪዋ እጇን ዘረጋችላቸውና በትህትና ጠየቀቻቸው፤ እኔ አንቱ ጨምሬበት ተረጎምኩ፦ «ከወለሉ ሥር ምን አገኙ?»

ባለ ሄልሜቱ ወለሉን አዩ። እኔን አዩኝ። «ሥርም አለው እንዴ?» አሉ።

ኩሽናው ውስጥ ከምንጣፉ ሥር ትንሽዬ ክዳን ነበረች። መርማሪዋ ከፈተቻት፣ የእጅ ባትሪዋን አበራች፣ ጭንቅላቷ ገባ፣ ወገቧ ገባ፣ በመጨረሻ ጫማዋም ጠፋ። ከዚያ ከእግራችን ሥር ቋ ቋ ይል ጀመር። ድምፁ ወደ ሳሎን ሄደ፤ እኛም ተከትለን ወደ ሳሎን። ወደ ኮሪደሩ ታጠፈ፤ እኛም ታጠፍን። ጋሼ፣ ደላላው፣ ሁላችንም ወለል ወለሉን እያየን፣ የጠፋ ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው ተደርድረን። ድምፁ የኔ ክፍል ውስጥ ገባ።

«በሌላ ክፍል በኩል ሂጂ» አልኩ በሹክሹክታ። አልሰማችኝም።

ቋ ማለቱ ቀረና ቷፍ ቷፍ አለ፤ የበሰበሰ ፓፓያ እንደሚመታ ሰው። ድንገት በጫማዬና በእማዬ ጫማ መካከል የካቻቢቴ ጫፍ ብቅ አለ። ከወለሉ! እንደ እንጉዳይ!

እማዬ ጮኸች። እኔ ጮህኩ። ደላላው ጮኸና ኮሪደሩ ላይ ተገኘ።

«ማነው ክፍሉ መሃል የቆመው?» አለ ከሥር የመርማሪዋ ድምፅ።

መሃል የቆመችው እትዬ ነበረች። «አክስቴ ናት!»

«ከባድ ሴት ናት?»

እትዬ ዓይኗን አፍጥጣ «ምን አለች?» አለችኝ። ይህን ምን ብዬ ልተርጉም! «ደህና ነሽ ወይ እያለችሽ ነው» አልኩና ወደ ታች ጮህኩ፦ «ደግ ሴት ናት!»

«ገባኝ። ቀስ ብላ ወደ በሩ ትምጣ። ቀስ ብላ!»

እትዬ እጆቿን ዘርግታ እንደ ሙሽራ መራመድ ጀመረች። ወለሉ እህህ ይላል። ጋሼ ከበሩ ላይ «ግራ እግርሽን አስቀድሚ! አውቃለሁ!» ይላሉ።

«ዝም በል አንተ!» አለች እትዬ። «የረገጥኩት እኮ ያንተን እውቀት ነው!»

ደፉ ላይ ልትደርስ ስትል ጓ! እግሯ ሰመጠ። ሁላችንም ተረባርበን ጎትተን አወጣናት፣ እላያችን ላይ ወደቀች፣ ጋሼ ከሥር ሆኑ። ጫማዋ ግን እዚያው ቀረ። ወለሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ እያየን ሳለ ከቀዳዳው እጅ ወጣ፤ ጫማውን ይዞ። እጁ ጫማውን በሥርዓት ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ተመልሶ ገባ።

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ናት። ከዚያ ማን ያቁመን።

መርማሪዋ ስትወጣ ከጥፍሯ እስከ ፀጉሯ በአቧራ ቡን ብላለች። ወለሉን የተሸከሙት እንጨቶች በእርጥበት በስብሰዋል አለች። የቤቱ አንድ ማዕዘን ወደ መሬት እየሰመጠ ነው። ቁም ሣጥኑን በጋራ ገፋነው፤ ከኋላው እጄን የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ዙሪያው እርጥብ፣ ሥሩ ደግሞ የኔ ክር ጥቅል ቁጭ ብሏል። ስጦታው ለካ ይህ ነበር። «ያየሁት ይህን ነው፤ ጽፌም እሰጣችኋለሁ። ውሳኔው የናንተ ነው» አለች።

እማዬ ወደኔ ዞረች። ክፍሉ የኔ መሆኑን፣ ቢጫው መጋረጃ ዘርፉ ማለቁን ታውቃለች። «ልጄ?» አለችኝ።

በሬን አንዴ ዘጋኋት፣ አንዴ ከፈትኳት። በር ምን ያደርጋል፣ ወለል ከሌለው! «በያቸው» አልኳት።

እማዬ ያለ አስተርጓሚ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ለደላላው «አንገዛም» አለችው። ስትለው ደግሞ አማረባት።

ውጪ ደረጃው ላይ ባለ ሄልሜቱ ሄልሜታቸውን አወለቁ። «እኔ ሴራሚክ ሻጭ ነኝ» አሉ።

«ምን?»

«የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ። መዶሻዋም የሴራሚክ መሥሪያ ናት። እኚህ ወንድሜ ሰው በተሰበሰበበት ትልቅ የቤት መርማሪ ናቸው ብለው አስተዋወቁኝ። በሰው ፊት አይደለሁም ብዬ እንዴት ላሳፍራቸው? ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሄልሜት ገዝተው መጡ።»

እሳቸው ጋሼን እንዳያሳፍሩ፣ እማዬ እሳቸውን እንዳታሳፍር፤ እንደተከባበርን ሰተት ብለን ጉድጓድ ልንገባ ነበር። ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን። ጋሼ ከሱሪያቸው ላይ የእትዬን አቧራ እያራገፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ልፈትናችሁ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቤት ስናይ ሁልጊዜ መርማሪዋ ከሥር፣ እኛ ከላይ ሆንን። አንዱን ጣሪያው ጣለው፣ ሌላውን ጭስ ማውጫው። በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ቤት ተገኘች። የክር ጥቅሌን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት፤ ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አላለም። እትዬ መሃሉ ላይ ሦስቴ ዘለለች፤ እንደዚያም ንቅንቅ አላለም። መርማሪዋ የጻፈችውን እኔ ነኝ ለእማዬ ያነበብኩላት፦ መሠረቱ ደህና፣ ጣሪያው ደህና፣ ውሃው ደህና። መጨረሻ ላይ ስለ ሁለቱ ትንንሽ ክፍሎች አንድ ነገር ነበረች፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል የምትል። ይቺን «ቀላል ናት» ብዬ ዘለልኳት። በሩን አይቼዋለሁ እኮ!

የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ የሠሩልን ባለ ሄልሜቱ ናቸው። ሲጨርሱ ሴራሚኩ እንደኔ ክር ጥቅል ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ተንበርክከው ነው የሠሩት፤ ሱሪያቸውን እኔ አጠብኩላቸው።

ቤቱ በገባንበት ቀን ከምሳ በኋላ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ቢጫውን መጋረጃ ሰቀልኩ። በሬን ድርግም አደረግኳት። ፀጥ አለ። አልጋዬ ላይ ተንጋለልኩና እጅና እግሬን ዘረጋሁ፤ ማንም አላቀፈኝም፣ ፔዳልም አልወጋኝም።

ያኔ ከግድግዳው ማዶ ጄኔሬተሩ ተነሳ።

ግድግዳውን ቋ ቋ አደረግኩት። ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ።

«ማነው?» አለች እትዬ፤ አጠገቤ የተኛች ያህል ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

«መርማሪ ነኝ» አልኳት።

«መታወቂያሽን አሳዪኛ!» አለችና ሳቋን ሳትጨርስ ጄኔሬተሩ ወሰዳት።